በእማዬ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ የካርታ ገበታ

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ቤታችን ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ 4ኛ ፎቅ። ሳሎኑ ጠባብ ነው። አንድ ሶፋ፣ አንድ ቡፌ፣ መሀል ላይ ደግሞ የእማዬ የምግብ ጠረጴዛ። ዋንዛ ነው። አባዬ በሕይወት እያለ ያሠራው። ዳንቴሉ ከላዩ የሚነሳው ሊወለወል ሲል ብቻ ነው።

እሁድ ከሰዓት ታናሽ ወንድሜና ጓደኞቹ ካርታ ይጫወታሉ። ድሮ ኮንከር ብቻ ነበር፤ አሁን ፖከርም ለምደዋል። በገንዘብ አንጫወትም፣ እማዬ በቤቷ ይህን አትፈቅድም። ገንዘባችን ቆርኪ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ዳማ የሚጫወቱበት ዓይነት፣ የለስላሳውና የቢራው በቀለም ተለይቶ። ዳንቴል ላይ ካርታ አይንሸራተትም። ዳንቴሉ ሲነሳ ደግሞ ጠረጴዛው ይጋለጣል። ባለፈው እሁድ አንዱ ቆርኪውን ገልብጦ ሲጎትት ዋንዛውን ጫረው። ጭረቱ የጥፍር ያህል ነው። እማዬ ምንም አላለችም። በጣቷ ዳበሰችውና ወደ ማድቤት ገባች።

የዚያን ዕለት ማታ ወሰንኩ። ጠረጴዛው ላይ የሚዘረጋ፣ ሲያልቅ ታጥፎ ከሶፋው ጀርባ የሚገባ የካርታ ገበታ እሠራለሁ። እንቁጣጣሽ ላይ መድረስ አለበት። አናጢ አይደለሁም። ግን መደርደሪያና አንድ በርጩማ ሠርቼ አውቃለሁ፣ መጋዝም አያስፈራኝም።

ነሐሴ 4፣ እሁድ

ሙሉ ቀን መለካትና መሳል። ጠረጴዛው 160 በ90 ሳንቲም ሜትር ነው። ክብ ገበታ ቢሆን ያምር ነበር፤ ግን ክብ የሚቆርጥ መሣሪያ የለኝም። ስምንት ማዕዘን ግን በተራ የእጅ መጋዝ ይሠራል፣ ለሰውም ጎን ጎኑ ይመቻል።

ኮምፔርሳቶ 122 በ244 ሆኖ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ስፋቱን 120 አደረግኩት። ስሌቱን ለሚፈልግ፦ የካሬውን ጎን በ0.293 ማባዛት ነው። ለ120 ሲሆን 35 ሳንቲም ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይመጣል። ከእያንዳንዱ ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ ይህን ያህል ለክተህ ብታገናኝና ብትቆርጥ ስምንት እኩል ጎን ታገኛለህ፣ እያንዳንዱ 49.7። ስድስት ሰው እንደ ልቡ ክርኑን ያሳርፋል። ስምንት ሰው ይቀመጣል፣ ግን ትከሻ ለትከሻ ነው።

ገበታው 120፣ የጠረጴዛው ወርድ 90። በግራም በቀኝም 15 ሳንቲም ይንጠለጠላል ማለት ነው። ይቺን 15 ሳንቲም ያዝልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ተክለሃይማኖት ወረድኩ። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ አንድ ሙሉ ገዛሁ። ባለ 9 ሚሊው ይቀላል፤ ግን በጣቴ ስጫነው መሀሉ ይንቀጠቀጣል። ባለ 18ቱን ደግሞ እማዬ ብቻዋን አታነሳውም፤ ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ እኛ በሌለንበት ልታነሳው ብትፈልግ መቻል አለባት። ዋጋ አልጽፍም፤ ይህን የሚያነብ ሰው ሱቁ ሲደርስ ሌላ ዋጋ ነው የሚያገኘው።

እዚያው በማሽን አስቆረጥኩት። ሁለት ባለ 61 በ122፣ የቀረው ካሬ ደግሞ ለጠርዙ። አንድ የጋሪ ልጅ እስከ ልደታ ገፋልኝ። ከዚያ ወዲያ አራት ፎቅ ደረጃ አለ፤ ከወንድሜ ጋር ተጋግዘን በሦስት ዙር አወጣነው።

መሳሪያ ቤት ቆሜ የምገዛውን ስዘረዝር አንድ ነገር ገረመኝ። ኮምፔርሳቶ፣ ኮላ፣ ማስቲሽ፣ ካቻቢቴ፣ ስኳድራ። ሁሉም ከጣሊያን የመጣ ቃል ነው፣ ግን ሻጩም እኔም ሳናስበው ነው የምንጠራው።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ጎበጠ! ሰሌዳዎቹን ረቡዕ ማታ በረንዳው ግድግዳ ላይ አስደግፌ ነበር። ሦስት ቀን ዝናብና ጉም ጠጥተው ሁለቱም እንደ ሰሐን ጎብጠዋል። መሬት ላይ ሳስተኛው በመሀሉና በወለሉ መካከል ጣቴ ይገባል።

አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ ጎረቤታችን ጋሼ ድሮ አናጢ ነበሩ። ወርጄ ለመንኳቸው፣ ቀስ ብለው ደረጃውን ወጡ። ሰሌዳውን አገላብጠው አዩና፣ "ምነው ልጄ፣ ኮምፔርሳቶ አቁመሽ ታሳድሪያለሽ? ይተኛል እንጂ አይቆምም" አሉኝ። ጉብታው ወደ ላይ ሆኖ ሳሎን ወለል ላይ አስተኙት፣ ሁለተኛውን ከላዩ ደረቡት፣ የጤፍ ጆንያውን መሀሉ ላይ አስቀመጡበት። "ሳምንት አትንኪው" ብለው ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ሳምንት! እኔ ደግሞ ዛሬ ልቆርጥ ነበር።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ፣ ቡሄ

ሰሌዳው ከጆንያው ሥር ነው። ልጆቹ ደረጃ ለደረጃ "ሆያ ሆዬ" እያሉ ወጥተው ሙልሙላቸውን ይዘው ወርደዋል። እኔ ደግሞ በካርቶን ማጠፊያውን ሳጠና አመሸሁ። በዚህ ሥራ ውስጥ ከባዱ ነገር እጥፋቱ እንደሆነ የገባኝ ዛሬ ነው። ሌላው ሁሉ መቁረጥና መለጠፍ ነው።

ጥያቄው ወዴት ይታጠፍ ነው። ጨርቅ ለጨርቅ ገጥሞ ወደ ውስጥ ቢዘጋ ጨርቁ አይቆሽሽም። ግን ዙሪያውን ከፍ ያለ ጠርዝ አስቤያለሁ፣ ካርታም ቆርኪም እንዳይወድቅ፣ ክርንም እንዲያርፍበት። ጠርዝ ካለ ሁለቱ ጠርዞች ቀድመው ይጋጫሉ፣ አይዘጋም። ስለዚህ ሆድ ለሆድ፣ ጨርቁ ወደ ውጪ ሆኖ መታጠፍ አለበት። ማጠፊያው ከሥር ይሆናል።

ቀጥሎ ጨርቁ። የኔ ሐሳብ አንድ ወጥ ጨርቅ ነበር፤ መሀል ላይ መስመር የሌለው። ካርቶኑን በወረቀት ሸፍኜ ሳጥፈው ወረቀቱ ተቀደደ። ለምን ብዬ ስለካ፣ ከሥር ሲታጠፍ ከላይ ያለው ጨርቅ የሁለቱን ሰሌዳ ውፍረት ዞሮ መሸፈን አለበት። 12 ሚሊ ኮምፔርሳቶና ከጨርቁ ሥር የሚገባው 5 ሚሊ ስፖንጅ 17 ነው፤ ሁለት ጊዜ 34 ሚሊ ሜትር። ያን ያህል የሚለጠጥ ጨርቅ ተዘርግቶ ደግሞ ልጥጥ ብሎ አይቀመጥም፣ ይሸበሸባል። ወጥ ጨርቅ ተሰናበተ። እያንዳንዱ ግማሽ ለብቻው ይለብሳል። መሀል ላይ መስመር ይኖራል፣ ግን ቀጭን ከሆነ ካርታ አይይዝም።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

የፍልሰታ ጾም ትናንት ተፈትቷል፣ ቤቱ ዶሮ ዶሮ ይላል። ሰሌዳው ተስተካክሏል። ፍጹም አይደለም፣ ግን ጣቴ የገባበት ቦታ አሁን ወረቀት ብቻ ነው የሚገባው። ጋሼ እግዜር ይስጣቸው።

ሁለቱን ግማሾች ጎን ለጎን ገጥሜ እንደ አንድ ካሬ ለካሁ፤ ለየብቻ ብለካ ኖሮ ሲገጥሙ ይዛነፉ ነበር። አራቱን ጥግ በእጅ መጋዝ ቆረጥኩ። መጋዙ እንዳይዋልል አንድ ቀጥ ያለ ሞራሌ አስሬበት እሱን ተከትዬ ነው የቆረጥኩት።

የጠርዙ እንጨት 8 ሳንቲም ስፋት ነው። በየማዕዘኑ ሲገናኝ ጫፉ በ22 ዲግሪ ተኩል መቆረጥ አለበት። ይህን ማዕዘን የሚለካ መሣሪያ የለኝም። ወረቀት ግን አለ። የወረቀት ጥግ 90 ነው። አንዴ ጠርዙን ከጠርዙ አገናኝተህ ስታጥፈው 45፣ ያንኑ ደግመህ ስታጥፈው 22 ተኩል። እጥፉን በጥፍሬ ተጭኜ፣ እንጨቱ ላይ አስደግፌ በእርሳስ አሰመርኩ። አሥሩም ቁራጭ፣ በየግማሹ አምስት አምስት፣ በዚያች ወረቀት ነው የተሰመሩት። በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ካሻሸሁ በኋላ ሲገጥሙ በመካከላቸው ብርሃን አያሳልፉም። ይህን ወንድሜን ሁለት ጊዜ ጠርቼ አሳየሁት።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ጨርቅ ፍለጋ መርካቶ። ካርታ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው የሄድኩት። ፖከር ላይ አከፋፋዩ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ካርታ ይወረውራል፣ ቀጥሎ አምስት መሀል ላይ ይገለጣል። ካርታው በአየር ሳይሆን በጨርቁ ላይ ነው ተንሸራቶ የሚሄደው። ስለዚህ ጨርቅ በዓይን አይመረጥም። ሻጩ ጠቅልሎ ያስቀመጠውን እንዲዘረጋልኝ እየለመንኩ ካርታ ወረወርኩበት።

ከፋይ ዓይን ይስባል። ካርታው ግን ሁለት ስንዝር ሄዶ ቆመ፣ ፀጉሩ ይይዘዋል። ደግሞ ቆርኪ ዙሪያውን 21 ጥርስ አለው፣ ያ ጥርስ የከፋይን ፀጉር እየነቀለ ነው የሚሄደው። የዩኒፎርም ጨርቅ ተቃራኒው ነው፤ ካርታው ከባንኮው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ሦስተኛው የፑል ጨርቅ ነው። ካራምቡላ የተጫወተ ሰው ያውቀዋል፤ አጭር፣ ጥብቅ፣ በአንድ በኩል ስትዳብሰው ለስላሳ። ካርታው ክንድ ያህል ሄዶ በራሱ ቆመ። በቃ! አረንጓዴውን አንድ ሜትር ከግማሽ አስቆረጥኩ። ለጠርዙ ቡናማ ሰው ሠራሽ ቆዳ፣ ለሥሩ ደግሞ አቡጀዲ።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ማጠፊያ ገጠምኩ። እዚህ ላይ የምኮራበት ነገር አለ። የበር ማጠፊያ ከሥር ስትመታው ጉብ ይላል፣ 5 ሚሊ ሜትር ያህል። ያ ብረት በቀጥታ የእማዬ ዋንዛ ላይ ሊያርፍ ነው! ጠረጴዛ ላዳን ብዬ ጠረጴዛ ልቧጥጥ። መፍትሔው ያቺ 15 ሳንቲም ሆነች። ባለ 10 ሳንቲም ማጠፊያ ሁለት ገዝቼ፣ ከጠረጴዛው ውጪ በሚንጠለጠሉት ሁለት ጫፎች ላይ መታኋቸው። መሀሉ ማጠፊያ አያስፈልገውም፣ ጠረጴዛው ራሱ ይሸከመዋል። ብሎኑ 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ ቢረዝም በ12 ሚሊ እንጨት ውስጥ አልፎ ስፖንጁን ይወጋል።

ከሰዓት ስፖንጁን ለጠፍኩ። ማስቲሽ በሁለቱም ላይ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ጣት ሲነካው እስኪተው ድረስ መጠበቅ፣ ከዚያ ማጋጠም ነው። አንዴ ከነካ አይነሳም። ሽታው ራስ ያዞራል፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ነው የሠራሁት። ሁለተኛውን ልጀምር ስል መብራት ጠፋ። በስልክ መብራት ማስቲሽ አይቀባም፤ ተውኩት።

ነሐሴ 25፣ እሁድ

ሁለተኛውን ግማሽ ጠዋት ጨረስኩ። ታች ሱቅ ያለው ሶፋ ሠሪ ትልቁን ስቴፕለሩን አዋሰኝ፣ አወጣጠሩንም አሳየኝ። መጀመሪያ የእያንዳንዱ ጎን መሀል አንድ አንድ ይመታል። ከዚያ በተቃራኒ በተቃራኒ እየሄዱ ወደ ጥግ። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ መሄድ ጨርቁን ያጣምመዋል። ጨርቁን በማስቲሽ እንዳልለጥፈውም አስጠነቀቀኝ፤ ማስቲሹ ሰርጎ ወጥቶ ይታያል። ተወጥሮ ብቻ ይያዛል።

ጠርዙን ለብቻው ስፖንጅና ቆዳ አልብሼ፣ ከሥር በ20 ሚሊ ብሎን ሳብኩት። 12ቱ ሰሌዳው ውስጥ፣ 8ቱ ጠርዙ ውስጥ ነው። እጄ ውኃ ቋጥሯል።

ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

ሳምንቱን ሙሉ ሥራ በዝቶ ሳልነካው ከረምኩ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። መሀሉ ተነስቷል። እንደ ቤት ጣሪያ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በእጄ ስጫነው ይወርድና ስለቀው ይነሳል። ሜትር አስጠጋሁ፤ ሁለት ሳንቲም ያህል ነው። ቁጭ ብዬ አየሁት። የሦስት ሳምንት ሥራ ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት ሻይ ጠጥቼ መጨረስ ነበረብኝ። ማጠፊያውን የመታሁት እንጨቱ ራቁቱን እያለ፣ ሁለቱን ግማሾች ግጥም አድርጌ ነው። ከዚያ ወዲያ መጋጠሚያው ላይ ቆዳ ተጠቀለለ። የአንዱ ቆዳ ውፍረት 1 ሚሊ ነው፣ የሁለቱ 2። ማጠፊያው ሥር ላይ ስለሆነ እነዚያ 2 ሚሊ ሜትሮች ላይ ላዩን ገፍተው ሰሌዳው ተዘርግቶ ከመጨረሱ በፊት ያቆሙታል። ከማጠፊያው እስከ ጠርዙ ጫፍ ቁመቱ 3 ሳንቲም እንኳ አይሞላም፣ ሰሌዳው ግን 60 ሳንቲም ነው። እዚያ የጠፋች 2 ሚሊ እዚህ 2 ሳንቲም ሆና ትወጣለች። ሌላ ሰው ይህን የሚሠራ ከሆነ ይህችን ብቻ ይያዝልኝ፦ መጀመሪያ አልብስ፣ ማጠፊያ በመጨረሻ።

ጳጉሜን 2፣ እሁድ

ማጠፊያዎቹን ፈታሁ። ሁለቱን ግማሾች ብርድ ልብስ ላይ በፊታቸው ደፍቼ፣ ወንድሜ ከአንድ በኩል እኔ ከሌላው እየገፋን አጋጠምናቸው። የማጠፊያው ቀዳዳ አሁን ከድሮው ትንሽ ተዛንፏል። አዲስ ብትበሳ አሮጌው ውስጥ ይገባል፣ ብሎኑ አይጨብጥም። ጋሼ መላውን ነገሩኝ። የክብሪት እንጨት ኮላ ውስጥ ነክሮ አሮጌው ቀዳዳ ውስጥ መጠቅጠቅ፣ ሲደርቅ አናቱን በምላጭ መቁረጥ፣ ከዚያ እንደ አዲስ መብሳት። በየቀዳዳው ሦስት አራት ክብሪት ገባ። ማታ ብሎኑን ሳጠብቀው ጥርስ የነከሰ ያህል ያዘ።

ዘረጋሁት። ተኛ! መሀሉ ላይ ካርታ ወረወርኩ። መስመሩን ተሻግሮ ሄደ።

ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

ሥሩን አቡጀዲ አለበስኩት፣ ስቴፕሉና የብሎኑ ራስ ዋንዛውን እንዳይነኩ። እንዳይንሸራተት ደግሞ ሶማሌ ተራ ካለ ጎማ ሠሪ አሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ለምኜ፣ ሁለት ጣት ስፋት ባላቸው ቁራጮች ቆርጬ ከሥር ለጠፍኩ። የአንዱ ግማሽ ቁራጭ ከሌላው ቁራጭ ጋር ፊት ለፊት እንዳይገጥም አፈራርቄ ነው፤ ካልሆነ ሲታጠፍ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

ክብደቱን ማወቅ ፈልጌ አጥፌ ይዤው ወረድኩ። ዋናው መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አለ። መጀመሪያ ባዶዬን፣ ቀጥሎ ገበታውን አቅፌ ቆምኩ። ልዩነቱ 11 ኪሎ። ልጁ የሁለት ሰው አስከፈለኝ።

11 ኪሎ ለምን አስፈለገኝ? አንድ ሰው የሚንጠለጠለው ጫፍ ላይ ቢደገፍ ይገለበጣል ወይ የሚለውን ለማወቅ ነው። የገበታው መሀል ከጠረጴዛው ጠርዝ 45 ሳንቲም ይርቃል፣ ጫፉ ደግሞ 15። 11 በ45፣ ሲካፈል ለ15፣ 33 ኪሎ። ክርን ያን ያህል አይጫንም። ጫፉን ተደግፎ የሚነሳ ሰው ግን ሊጫን ይችላል። ስለዚህ ሕግ ወጥቷል፤ የሚነሳ ወንበሩን ይዞ ይነሳል።

መስከረም 1፣ ሐሙስ

ምሳ ተበላ፣ ቡና ተፈላ፣ እርጥብ ቄጠማው እንደተጎዘጎዘ ነው። ዳንቴሉን እማዬ ራሷ አንስታ አጠፈችው። ገበታውን ከሶፋው ጀርባ አውጥተን ዘረጋነው። ጨርቁን በመዳፏ ወዲያና ወዲህ ዳበሰች፣ መሀል መስመሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። "ይሄ ነው ያደከመሽ?" አለችኝ። አዎ አልኳት።

ፖከሩ እስኪጀመር አልጠበቀችም። ቁጭ አለችና "ኮንከር አድሉ" አለች። ስድስት ሆነን እስኪመሽ ተጫወትን። ቆርኪ ተጎተተ፣ ተወረወረ፣ ተከመረ። ጋሼም ተጠርተው መጡ። ካርታውን ከያዙ በኋላ እንኳ በአንድ እጃቸው የጠርዙን መጋጠሚያ ከሥር እየዳሰሱ ነበር።

መስከረም 4፣ እሁድ

የቀሩ ነገሮች። ከመነዳሪው ዋንዛው ላይ ስስ ግራጫ መስመር ትቷል። በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት፣ ለቀቀ። ግን ቀን ሙሉ ተዘርግቶ ቢውል ቫርኒሹን ሊይዘው ይችላልና ከአሁን ወዲያ ጨዋታ ሲያልቅ ወዲያው ይነሳል። እጀታ ያስፈልገዋል፤ እማዬ በሁለት እጇ አቅፋ ነው የምታነሳው። ሶፋ ሠሪው ከቀረችው ቡናማ ቆዳ ሊሰፋልኝ ነው፣ ረቡዕ ነይ ብሎኛል። የድሮዋ ጭረት አሁንም አለች። ሌላ አልተጨመረባትም፣ ዳንቴሉን ከማልበሴ በፊት በባትሪ አየሁት።

ዛሬ ወንድሜና ጓደኞቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ።